መብቱ የሰው ነው፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሃይማኖት ነፃነት

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1965 በሮም ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ከሁለት ሺህ በላይ ጳጳሳት በጉባኤ ተቀምጠው ሳለ አንድ የ76 ዓመት አዛውንት ለመናገር ተነሡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ተናጋሪው የፕራግ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ዮሴፍ ቤራን ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ዳካው በሚባለው የማጎሪያ ካምፕ አስረዋቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያ ኮሚኒስት መንግሥት ከ1949 ጀምሮ ለ14 ዓመት ያህል ከመንበራቸው ለይቶ በቁም እስር አቆያቸው። ወደ ሮም የመጡት በዚያው በ1965 መጀመሪያ ሲሆን በሕይወት ሳሉ ወደ አገራቸው አልተመለሱም።

እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሃይማኖት ነፃነት የመናገር ዕድል ሲያገኝ አሳሪዎቹን ይከስሳል ብሎ የጠበቀ ቢኖር አይፈረድበትም። ካርዲናሉ ግን የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ታሪክ አነሡ። በ1415 ቼኩ ካህን ያን ሁስ በኮንስታንስ ከተማ በእሳት መቃጠሉን፣ በ17ኛው መቶ ዓመትም የቼክ ሕዝብ በመንግሥት ጉልበት ወደ ካቶሊክ እምነት እንዲመለስ መደረጉን አስታወሱ። ያ ግዳጅ ለጊዜው ድል ቢመስልም በሕዝቡ ልብ ቁስል ትቶ አለፈ፤ ግብዝነትን አበዛ እንጂ እምነትን አላጸናም። ቤተ ክርስቲያን በአገራቸው በዚያ ሰዓት የምትቀበለው መከራም ቀድሞ በስሟ በኅሊና ነፃነት ላይ ለተፈጸመው በደል የምትከፍለው ዕዳ መስሎ እንደሚታያቸው ተናገሩ። በማግስቱ ጉባኤው ድምፅ ሰጠ። ስለ ሃይማኖት ነፃነት የተዘጋጀው ረቂቅ የመጨረሻው ሰነድ መሠረት እንዲሆን 1,997 ደገፉ፣ 224 ተቃወሙ።

ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1965፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰነዱ በ2,308 ድጋፍና በ70 ተቃውሞ ጸደቀ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም ዐወጁት። በላቲን መክፈቻ ቃላቱ «ዲግኒታቲስ ሁማኔ» ተብሎ ይጠራል። 15 አንቀጾች ብቻ ያሉት አጭር መግለጫ ነው። ዛሬ አንድ ካቶሊክ ጳጳስ በየትኛውም አገር ሆኖ ስለ ሃይማኖት ነፃነት ሲናገር የሚመረኮዘው በዚህ ሰነድ ላይ ስለሆነ፣ ምን እንደሚልና ለምን ያን ያህል እንደዘገየ ማወቅ ለካቶሊኩም ካቶሊክ ላልሆነውም ይጠቅማል።

የቤራንን ንግግር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ዐፄ ሱስንዮስን ሳያስብ ማለፍ ይከብደዋል። ንጉሡ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር የተወዳጁት በአባ ፔድሮ ፓኤዝ ዘመን ነው። ፓኤዝ የአገሩን ቋንቋና ልማድ ያጠኑ፣ ትዕግሥት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፉ። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን በዝግታ መሄድን የሚያውቁ አልነበሩም። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መንበር ታማኝ ለመሆን ማሉ። ቀጥሎም ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ የቀዳሚት ሰንበት አከባበር እንዲቀር፣ የበዓላቱ አቆጣጠር ወደ ሮም እንዲዞር ታዘዘ። አገር ታወከ። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ የላስታውን መልክዐ ክርስቶስን አሸነፉ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ በሺዎች ወድቀው የቀሩት የገዛ አገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ሱስንዮስ በዚያው ዓመት የአባቶች እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። በ1638 አጋታንጅና ካስያን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት ወደ ጎንደር በመጡ ጊዜ ተሰቅለው ተገደሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም በጎጃም የተወለዱት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው በጳጳሱ በአቡነ ሰላማና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታስረው፣ ተገርፈው፣ በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ሞቱ። ሮም በ1926 ብፅዕናቸውን ዐውጃለች። ከእነዚህ ታሪኮች አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የሚጀምረው የኅሊና ጉዳይ በጎራዴ ሲዳኝ ነው፤ ጎራዴውን የያዘው ማንም ይሁን ማን።

ታዲያ ይህን ለመናገር እስከ 1965 ለምን ተቆየ?

ክርስትና ገና በስደት ሳለ እንደ ጠርጡልያኖስና ላክታንትዮስ ያሉ ጸሐፊዎች እምነት በግድ እንደማይሆን በግልጽ ጽፈው ነበር። በ313 የሮም ነገሥታት ቆስጠንጢኖስና ሊቅንዮስ ለክርስቲያኖችም ለሌሎችም የአምልኮ ነፃነት ሰጡ። በ380 ግን ቴዎዶስዮስ ክርስትናን የመንግሥቱ ሃይማኖት አደረጉ፤ ትናንት የተሰደደው ዛሬ በሕግ ተደገፈ። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንኳ መጀመሪያ ግዳጅን ሲቃወሙ ቆይተው፣ በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች ከተባሉት ከቤተ ክርስቲያን የተለዩ ክርስቲያኖች ጋር በነበራቸው ክርክር የመንግሥት ቅጣት ሰውን ወደ እውነት ሊመልስ ይችላል ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። ስማቸው ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የአስገዳጆች ምስክር ሆኖ ተጠርቷል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፍሬ አልጠፋም፦ ያላመነ ሰው ሳይወድ አይጠመቅም የሚለው ትምህርት። ተግባሩ ብዙ ጊዜ ቢክደውም ትምህርቱ አልተሻረም። ጉባኤው ከብዙ ዘመን በኋላ የሚይዘው ይህንን ፍሬ ነው።

የ19ኛውን መቶ ዓመት የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ቁጣ ለመረዳት ደግሞ ከፈረንሳይ አብዮት መነሣት ያስፈልጋል። «ነፃነት» የሚለው ጥሪ ወደ ሮም የደረሰው ከደም ጋር ነው። የፈረንሳይ ካህናት ለአዲሱ ሥርዓት እንዲምሉ ተገደዱ። በሴፕቴምበር 1792 በፓሪስ እስር ቤቶች በጅምላ ከተገደሉት መካከል ብዙ ካህናት ነበሩ። ፒዮስ 6ኛ በፈረንሳይ እጅ እንደተያዙ በ1799 ሞቱ፤ ተተኪያቸውን ፒዮስ 7ኛን ናፖሊዮን ለዓመታት በግዞት ያዛቸው። እናም ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1832 «ሚራሪ ቮስ» በተባለው መልእክታቸው የኅሊና ነፃነት ለሁሉም ይረጋገጥ ማለትን እብደት ብለው አወገዙ። ፒዮስ 9ኛ በ1864 የዘመኑ ስሕተቶች ብለው ባወጡት የ80 ነጥቦች ዝርዝር ውስጥ፣ የካቶሊክ እምነት ብቸኛ የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑ ይቅር የሚለው አሳብ አንዱ ሆኖ ተመዘገበ።

እነዚያ አባቶች የሃይማኖት ነፃነት ሲባል የሰሙት «ሁሉም ሃይማኖት እኩል እውነት ነው» ወይም «መንግሥት ለእግዚአብሔር ምንም ዕዳ የለበትም» የሚል ነበር፤ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰባኪዎችም በእርግጥ እንዲያ ይሉ ነበር። ይህን መናገር ፍትሕ ነው። ነገር ግን ውግዘቱ አሳቡን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ነካ። የጊዜው መምህራን ጉዳዩን በአጭር ቃል ቋጩት፦ ስሕተት መብት የለውም። ከዚያም የኦርሌአኑ ጳጳስ ዱፓንሉና ሌሎች ትምህርቱን በሁለት ደረጃ አብራሩት። ካቶሊኮች በሚበዙበት አገር መንግሥት እውነተኛውን እምነት ይደግፍ፣ የሌሎችን የአደባባይ አምልኮ ይገድብ፤ ይህ አይቻልም በተባለበት ቦታ ግን ለሰላም ሲባል ነፃነትን መታገሥ ይፈቀዳል።

ፕሮቴስታንቱ፣ አይሁዱና ለዘብተኛው ጠየቁ፦ ስታንሱ ነፃነት ትጠይቃላችሁ፣ ስትበዙ ትነፍጋላችሁ? ጥያቄው ትክክል ነበር። በፍራንኮ ዘመን ስፔን በ1945 ሕግ መሠረት ፕሮቴስታንቶች በግል ማምለክ ብቻ ይፈቀድላቸው ነበር፤ የአደባባይ ሥነ ሥርዓት ክልክል ነው። በ1953 ከቫቲካን ጋር የተፈረመው ስምምነትም ያንን አጸና። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ካቶሊኮች በሕግ ነፃነት ተጠቅመው ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ጆን ኬኔዲ በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሂውስተን ድረስ ሄደው በፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት መቆም ግድ የሆነባቸው፣ ይህ ጥርጣሬ በሕዝቡ ልብ ስለነበረ ነው።

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን የሰጡት አሜሪካዊው ኢየሱሳዊ ካህን ጆን ኮርትኒ ሙሬይ ነበሩ። በሜሪላንድ ውድስቶክ የነገረ መለኮት መምህር ሆነው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ የጻፏቸው ጽሑፎች የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። መንግሥት መንገድ ይሠራል፣ ወንጀለኛን ይቀጣል፣ ሰላም ያስጠብቃል፤ የትኛው ሃይማኖት እውነት እንደሆነ የመዳኘት ሥልጣንም ችሎታም ግን የለውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ሲከለክል ስለ እግዚአብሔር የሚያስተምር የእምነት አንቀጽ አይደለም፤ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ሰዎች በሰላም አብረው የሚኖሩበት ስምምነት ነው። ስለዚህ አንድ ካቶሊክ እምነቱን አንዲት ፊደል ሳይቀንስ ሊቀበለው ይችላል። በሮም ይህ አሳብ አልተወደደም። የእምነት ጉዳዮችን ጽሕፈት ቤት የሚመሩት ካርዲናል ኦታቪያኒ የድሮውን ትምህርት በጽናት ይጠብቁ ነበር። በ1955 አለቆቻቸው ሙሬይን በጉዳዩ ላይ መጻፍ እንዲያቆሙ ነገሯቸው፤ እሳቸውም ታዘዙ። በ1962 ጉባኤው ሲከፈት አልተጠሩም። በ1963 የኒውዮርኩ ካርዲናል ስፔልማን በአማካሪነት እንዲገቡ አደረጉ፤ ዝም የተባሉት ሰው ከሰነዱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ ሆኑ። መግለጫው በወጣ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ1967 ዐረፉ።

መንገዱን የጠረጉት ግን ሙሬይ ብቻ አይደሉም። ዮሐንስ 23ኛ በኤፕሪል 1963፣ ከመሞታቸው ሁለት ወር ቀደም ብለው፣ «ፓቼም ኢን ቴሪስ» በተባለው የሰላም መልእክታቸው ሰው በኅሊናው መሠረት እግዚአብሔርን በግልም በአደባባይም የማምለክ መብት እንዳለው አስተማሩ። በዚያው መልእክት ስሕተትን ከተሳሳተው ሰው መለየት እንደሚገባም ጻፉ፤ የተሳሳተ ሰው ሰብዓዊ ክብሩን አያጣም። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል። የመቶ ዓመቱን ቋጠሮ የፈታው ግን እሱ ነው።

በጉባኤው አዳራሽ ክርክሩ የተጋጋለ ነበር። ካርዲናል ኦታቪያኒ፣ ብዙ የስፔንና የጣሊያን ጳጳሳት፣ ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር የሚቃወሙበት ምክንያት ክፋት አልነበረም። ስሕተት በአደባባይ ከእውነት ጋር እኩል ከቆመ ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ያስተማሩትን ጉባኤ ሊሽር አይችልም የሚል ሥጋት ነው። በደጋፊዎቹ መካከልም ልዩነት ነበር። አሜሪካውያኑ በሕገ መንግሥት ቋንቋ ሲናገሩ ፈረንሳውያኑ መሠረቱ ቅዱስ መጽሐፍ ይሁን ይሉ ነበር። የክራኮቩ ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ ደግሞ ነፃነት ከእውነት እንዳይቆረጥ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ በኮሚኒስት አገዛዝ ሥር ላለ ሕዝብ ይህ መግለጫ ምን ማለት እንደሆነም ያውቃሉ። ኖቬምበር 19 ቀን 1964 ሊሰጥ የታሰበው ድምፅ ወደሚቀጥለው ዓመት መተላለፉ ሲነገር አዳራሹ ታወከ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጳጳሳት እዚያው ወረቀት አዙረው ፈርመው ለጳውሎስ 6ኛ አቤት አሉ። ጳውሎስ 6ኛ መዘግየቱን ፈቀዱ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በጉባኤው ቀጣይ ስብሰባ ከሁሉ በፊት እንደሚቀርብ ቃል ገቡ። ዛሬ ወደ ኋላ ሲታይ መዘግየቱ ሰነዱን አጠነከረው ብዬ አምናለሁ፤ የቤራን ድምፅ የተሰማውም በዚያ ትርፍ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ሰነዱ ውስጥ እንግባ። መግለጫው የሃይማኖት ነፃነት የሚለው ከግዳጅ ነፃ መሆንን ነው። ማንም ሰው በሃይማኖት ጉዳይ ከኅሊናው ጋር የሚቃረን ነገር እንዲያደርግ አይገደድም፤ በግልም በአደባባይም፣ ብቻውንም ከሌሎች ጋርም ኅሊናው እንደሚለው እንዳያደርግ ተገቢ በሆነ ወሰን ውስጥ አይከለከልም። አስገዳጁ ማነው ለሚለው መልሱ ሰፊ ነው፤ ግለሰብ፣ ማኅበራዊ ቡድን፣ ማናቸውም ምድራዊ ሥልጣን። ብዙ አንባቢ መንግሥትን ብቻ አስቦ ያልፈዋል።

የዚህ መብት መሠረት የት ነው? የሰውየው እምነት ትክክል መሆኑ አይደለም፤ ቅንነቱም አይደለም። መሠረቱ ሰው መሆኑ ነው፣ በአእምሮና በፈቃድ የተፈጠረ፣ ስለሚያደርገው ነገር ራሱ የሚጠየቅ ፍጡር መሆኑ። ስለዚህም እውነትን ለመፈለግ ግድ የሌለው ሰው እንኳ መብቱን አያጣም ይላል ሰነዱ። ስሕተት መብት የለውም ይሉ ለነበሩት የተሰጠው መልስ ይህ ነው። እውነትም ሆነ ስሕተት በራሳቸው መብት የሚይዙ አካላት አይደሉም፤ መብት የሚይዘው ሰው ነው። አንድ ሙስሊም፣ አንድ ጴንጤ፣ አንድ እምነት የለሽ ሰው በካቶሊኩ ዓይን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ካቶሊኩ ያንን ስሕተት ስሕተት የማለት ነፃነት አለው፤ ሰውየውን የማስገደድ መብት ግን የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት አለመግባባቶች ይነሣሉ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው አለች የሚል ነው። አላለችም። የመግለጫው የመጀመሪያ አንቀጽ ሰው ሁሉ እውነትን የመፈለግና ያገኘውን የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፤ እውነተኛው ሃይማኖት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚገኝም ያስተምራል። ነገር ግን እውነት ወደ ልብ የሚገባው በራሱ ኃይል ነው፤ በዱላ የገባ እምነት እምነት አይባልም። ክርስቶስ ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይደጉ ማለቱን ሰነዱ የሚጠቅሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛው አለመግባባት አንድ ካህን ወይም መምህር በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፈለገውን እንዲያስተምር ተፈቀደ የሚለው ነው። ሰነዱ የሚናገረው በሲቪል ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው መብት ነው፤ የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ሥርዓት ሌላ ጉዳይ ነው።

መብቱ ወሰን አለው። መንግሥት ጣልቃ ሊገባ የሚችለው የሌሎችን መብት፣ የሕዝብን ሰላምና የጋራ ሥነ ምግባርን ለማስጠበቅ ነው። ሰነዱ ቀጥሎ የሚያክለው ግን ብዙ መንግሥታት የሚዘሉትን ነው፤ ነፃነት በተቻለ መጠን ይከበር፣ የሚገደበውም ግድ ሲሆንና በልኩ ብቻ ይሁን። አንድ አገር በታሪኩ ምክንያት ለአንድ ሃይማኖት ልዩ ዕውቅና ቢሰጥ ሰነዱ አይከለክልም፤ የሌሎች ሁሉ መብት እኩል እንዲከበር ግን ያዝዛል። ይህን ስናነብ የ1955ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ይታወሰናል፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሳለ የሌሎችን አምልኮም በሕግ ይፈቅድ ነበር። ዕውቅናው እኩልነትን ነፍጎ ነበር ወይስ አልነፈገም የሚለው በተግባር የሚመዘን ነው፤ በዚያ ዘመን የኖሩ ሙስሊሞች የሚሰጡት መልስ በሕጉ ላይ ከተጻፈው ይለያል።

ይህ ሁሉ ለውጥ ነው ወይስ ዕድገት? ለፌቭር እስከ ሞታቸው ለውጥ ነው፣ ክህደትም ነው አሉ። በ1988 ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት በመሾማቸው ከተወገዙት ሰዎች ተርታ ገቡ፤ የሃይማኖት ነፃነት መግለጫው ከመለያየታቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። ቤኔዲክቶስ 16ኛ በዲሴምበር 2005 ለቫቲካን ሹማምንት ባደረጉት ንግግር የተለየ መልስ ሰጡ፤ ጊዜያዊ ሁኔታን የሚመለከቱ ውሳኔዎች ሊለወጡ ይችላሉ፣ በሥሩ ያለው መርሕ ግን ይቀጥላል፣ ጉባኤውም ወደ ሰማዕታቱ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ርስት ተመለሰ አሉ። እኔ የቤኔዲክቶስን መልስ እቀበላለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር ላይ ጠንከር ብሎ መናገር ይገባል። በ1864 የተወገዘ ፖለቲካዊ ሥርዓት በ1965 ተደግፏል፤ ይህን ማለሳለስ ለአንባቢ እውነት አይሆንም። ሰነዱ ራሱ በ12ኛው አንቀጽ በእግዚአብሔር ሕዝብ ሕይወት ውስጥ ከወንጌል መንፈስ ጋር የማይስማማ፣ እንዲያውም የሚቃረን አካሄድ አንዳንድ ጊዜ እንደነበረ ያምናል። ማርች 12 ቀን 2000 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ ያው የክራኮቩ ቮይቲዋ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በይፋ ይቅርታ ሲጠይቁ ለእውነት አገልግሎት ተብሎ የተፈጸመው ግፍ ከተዘረዘሩት ኃጢአቶች አንዱ ነበር። ያንን የንስሐ ክፍል ያስተዋወቁት በኋላ ቤኔዲክቶስ 16ኛ የሆኑት ካርዲናል ራትሲንገር ናቸው።

መግለጫው ወረቀት ሆኖ አልቀረም። ስፔን በ1967 የሃይማኖት ነፃነት ሕግ አወጣች፤ በ1978ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የመንግሥት ሃይማኖት የሚባል ቀረ። ካቶሊኮች በበዙበት አገር ነፃነትን ለሌላው መስጠት የትምህርቱ የመጀመሪያ ፈተና ነበር።

በሌላው ጫፍ ፓኪስታን አለች። ካቶሊኩ ሻህባዝ ባቲ የአናሳ ሃይማኖቶች ሚኒስትር ሆነው ሃይማኖትን መስደብን የሚቀጣው ሕግ በንጹሐን ላይ መሣሪያ መሆኑን ተቃወሙ። በዚያ ሕግ በ2010 ሞት ለተፈረደባት ካቶሊካዊት አስያ ቢቢ ተሟገቱ፤ ሥራቸው ለሂንዱውም ለሲኩም መቆም ነበር። ማርች 2 ቀን 2011 በኢስላማባድ በመኪናቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። አስያ ቢቢን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2018 ነፃ አወጣት። የመግለጫውን ትርጉም ለተማሪ ለማስረዳት ከባቲ ሕይወት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በአሜሪካ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከ2012 ጀምሮ ጳጳሳቱ አሠሪዎች የወሊድ መከላከያን በጤና መድን እንዲሸፍኑ የሚያስገድደውን ደንብ ተቃወሙ፤ ድሆች አረጋውያንን የሚጦሩ መነኮሳት ማኅበር ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ2020 ረታ። መነኮሳቱ ኅሊናችን ይከበር ሲሉ ተቃዋሚዎቻቸው የሠራተኞቹስ መብት ይላሉ። ሁለቱም ወገን ከሰነዱ ቃል ሊጠቅስ ይችላል፤ አንዱ ከኅሊና አንቀጽ፣ ሌላው ከወሰኑ አንቀጽ። ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የቻይና ጉዳይ ነው። መግለጫው ቤተ ክርስቲያን የራሷን አገልጋዮች በነፃነት እንድትመርጥ ይጠይቃል። ቫቲካን ግን በሴፕቴምበር 2018 ከቤይጂንግ ጋር በጳጳሳት ሹመት ላይ ስምምነት አደረገች፤ ጽሑፉ እስከ ዛሬ ለሕዝብ አልወጣም፤ በ2024 ለአራት ዓመት ታድሷል። የሆንግ ኮንጉ ካርዲናል ዜን የታመኑትን አሳልፎ መስጠት ነው ብለው ተቃውመዋል። ቫቲካን ደግሞ በድብቅና በይፋ የተከፈሉትን ምእመናን አንድ ለማድረግ የተገኘው መንገድ ይህ ነው ትላለች። በሙስሊሙ ዓለም በኩል ደግሞ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በፌብሩዋሪ 2019 በአቡ ዳቢ ከአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም አሕመድ አጥ ጠይብ ጋር የፈረሙት የሰብዓዊ ወንድማማችነት ሰነድ ሰው በሃይማኖት እንዳይገደድ በግልጽ ይናገራል። ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች የሚሠሩባት ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አትፈቅድም።

ወደ አገራችን እንመለስ። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አባባል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። አገርን በሃይማኖት ከመከፋፈል ጠብቆናልና ክብር ይገባዋል። የካቶሊክ ትምህርት ግን ከግማሹ ጋር ብቻ ይስማማል። ውሳኔው የግል ነው፣ ማንም ስለ ሌላው አይወስንም፤ ኑሮው ግን የግል ብቻ አይደለም። ሰው የሚያምነው ከሌሎች ጋር ነው፤ ታቦት ያነግሣል፣ መስጊድ ይሠራል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ልጁን ያስተምራል፣ በአገሩ ጉዳይም ከእምነቱ ተነሥቶ ይናገራል። እምነትህን ቤትህ ውስጥ ዝጋበት የሚል ነፃነት በሰነዱ ሚዛን ጎደሎ ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቶ ሳለ በ27ኛው አንቀጽ እምነትን በግልም በጋራም፣ በአደባባይ መግለጥን ይፈቅዳል።

በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቻቸውና ክሊኒኮቻቸው ግን ከቁጥራቸው በላይ የታወቁ ናቸው፤ ከሚማረውና ከሚታከመው ብዙው ካቶሊክ አይደለም። ስለዚህ የመግለጫው 4ኛ አንቀጽ ለእነሱ በተለይ የተጻፈ ይመስላል። አንቀጹ እምነትን ማስተማር መብት ነው ካለ በኋላ፣ በተለይ በድሆችና ባልተማሩ ሰዎች ላይ ማባበልና ጫና የሚመስል ነገር ሁሉ የራስን መብት አለአግባብ መጠቀምና የሌላውን መብት መጣስ ነው ይላል። እህል፣ መድኃኒት ወይም የትምህርት ዕድል የሃይማኖት መቀየሪያ ዋጋ ሊሆን አይችልም። ይህ ቃል ለካቶሊኩ ብቻ ሳይሆን በየገጠሩ ለሚሰብክ ሁሉ ይሠራል።

የ2ኛው አንቀጽ «ማኅበራዊ ቡድን» የሚለውም ከእኛ ኑሮ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ በአገራችን በእምነቱ ምክንያት የተገፋ ሰው የሚገፋው በፖሊስ አይደለም። እምነት በመቀየሩ ቤተሰብ ይክደዋል፣ ከዕድር ይወጣል፣ ሲሞት የመቃብር ቦታ ይከለከላል። ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ካቶሊክ በሆነ ልጁ፣ ካቶሊክ ቤተሰብ ጴንጤ በሆነች ልጁ፣ ሙስሊም ቤተሰብ ክርስቲያን በሆነ ልጁ ላይ እንዲህ ሲያደርግ ታይቷል። ማዘን የወላጅ መብት ነው፤ መምከርና መከራከርም እንዲሁ። ከቤት ማስወጣት፣ ከዕድር ማስቀረትና ሬሳ ማሳደር ግን በሰነዱ ቃል ግዳጅ ነው፤ ይህን የሚያደርጉት ካቶሊኮች ሲሆኑ ደግሞ የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው በ2,308 ድምፅ ያጸደቀችውን ትምህርት ይጥሳሉ።